ቅባቱን ማን ይጀምር?

የሚያሳክከው ካለ አሁኑኑ አክኮ ይጨርስ፤ ይሄ ተረት ከተጀመረ መሃል ላይ እጅ መስደድ የለም።

ልዑልሰገድ የሚባል የሕክምና ተማሪ ነበር። እናቱ «ዶክተሬ» ማለት የጀመረችው ገና ጡት ሳይጥል ነው። እሱ የሰው ሆድ ከፍቶ ማየት እያማረው፣ ትምህርት ቤቱ «መንደር ሄደህ ሽንት ቤት ቁጠር» ብሎ ዋርካ በር ላከው። ትምህርቱ ኤፒዲሚዮሎጂ ይባላል። ስሙ ከመርዘሙ የተነሳ፣ አንደኛው ጫፍ ዋርካ በር ሲደርስ ሌላኛው ጫፍ ገና ከከተማ አልወጣም ነበር። ፍቺው ግን አጭር ነው፤ በሽታ ከማን ተነስቶ ማን ዘንድ እንደሚያድር መከታተል።

አስተማሪያቸው ዶክተር ወይንሸት ጠዋት ጠዋት ተማሪዎቹን የጤና ኬላው በረንዳ ላይ ሰብስበው፣ «እዚህ በሽተኛው አንድ ሰው አይደለም፤ በሽተኛው መንደሩ ነው» ይላሉ። «መንደር ደግሞ ምላሱን አውጥቶ ‹አ› አይልላችሁም! እናንተ ናችሁ ዞራችሁ የምትጠይቁት።»

የዋርካ በር ክረምት ድንጋይ ያስላል። ልዑልሰገድም ብርዱ ቢጠናበት የጤና ኬላውን ዘበኛ፣ የጋሼ ደምመላሽን ጋቢ ተዋሰ። ሞቀውና ክረምቱን ሙሉ ተኛበት። መስኩ አበባ ማውጣት ሲጀምር እከክም እሱ ላይ ማበብ ጀመረ። መጀመሪያ በጣቶቹ መሃል፣ ቀጥሎ በብብቱ፣ ከዚያ ጨዋ ሰው ስሙን በማይጠራው ቦታ ሁሉ። ሲያክክ የሰሙ መንገደኞች «እዚህ አገር መጋዝ ቤት ተከፈተ እንዴ?» ይሉ ነበር።

በዚህ መሃል እህቱ ሰርካለም ደወለች።

«ልዑል፣ ልጄን ክርስትና ላስነሳ ነው። ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ እንጂ! አቅፌያት ነው የምውለው!»

«ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው? ስልኩ ነው?»

«እኔ ነኝ። እያከክሁ ነው።»

«እንግዲያው እጅህ ሳይድን ልጄን አታቅፋትም። በር ላይ ቆመህ በሩቁ ታያታለህ!»

ኤዲያ! ሰውየው ወርቅ አልጠየቀ፣ ሹመት አልጠየቀ። የፈለገው የእህቱን ልጅ ማቀፍ ብቻ ነው።

ሮጦ ዶክተር ወይንሸት ዘንድ ሄደ። ከድኝ የተሠራ ቢጫ የእከክ ቅባት ባልዲ ሙሉ አላቸው። ክዳኑ ሲነሳ ገበያ የቆሙ አህዮች ራሳቸውን ይስታሉ፤ ሽታው እንዲያ ነው።

«ዶክተር፣ ትንሽ ቅባት ይስጡኝ።»

«ለብቻህ? አልሰጥህም! ዛሬ ተቀብተህ ማታ ያንኑ ጋቢ ትለብሳለህ፤ ከዚያ እንደገና ታክካለህ። የጋቢው ባለቤት ይቀቡና ትቀባለህ። ትምህርቱ ይኸው ነው፤ ሂድ!»

ልዑልሰገድ ጋሼ ደምመላሽ ዘንድ ሄደ። «ጋሼ፣ ይቀቡ! እርስዎ ካልተቀቡ ዶክተር ቅባት አይሰጡም፣ ቅባት ካልሰጡ እጄ አይድንም፣ እጄ ካልዳነ እህቴ ልጇን አታሳቅፈኝም!»

«ያንን ሽታ ተቀብቼ? አንተ ልጅ፣ ባለቤቴን አታውቃትም! ውዴ ከአልጋ ብቻ መሰለህ የምታባርረኝ? ከቀበሌ ነው የምታስወጣኝ! እሷ ትቀባና እቀባለሁ።»

እትዬ ውዴ ምስር እየለቀሙ አገኛቸው። አንድ እፍኝ ለቅመው አንዴ ያክካሉ። «እትዬ፣ ይቀቡ! እርስዎ ካልተቀቡ ጋሼ አይቀቡም፣ ጋሼ ካልተቀቡ ዶክተር ቅባት አይሰጡም፣ ቅባት ካልሰጡ እጄ አይድንም፣ እጄ ካልዳነ እህቴ ልጇን አታሳቅፈኝም!»

«ውይ በሞትኩት፣ አጎትየው!» አሉ እትዬ ውዴ። «ግን ሹሩባ የምትሠራኝ ስንዱ ናት። ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቴ ጭኗ ላይ ነው። ሸትቼ ብሄድ ገፍትራ ትጥለኛለች። እንቁጣጣሽን በግማሽ ሹሩባ ልዋል? ስንዱ ትቀባና እቀባለሁ።»

ስንዱ ሚዶውን በጥርሷ ነክሳ የአንዷን ጠጉር ትጎነጉናለች። «ስንዱዬ፣ ተቀቢ! አንቺ ካልተቀባሽ እትዬ ውዴ አይቀቡም፣ እትዬ ካልተቀቡ ጋሼ አይቀቡም፣ ጋሼ ካልተቀቡ ዶክተር ቅባት አይሰጡም፣ ቅባት ካልሰጡ እጄ አይድንም፣ እጄ ካልዳነ እህቴ ልጇን አታሳቅፈኝም!»

ስንዱ ሚዶውን ከአፏ አወጣች። «እኔ ብሸት ማን ጭኔ ላይ ይተኛል? ደሞ ከኔ አልተነሳም! ልጄ ከመሪጌታ ጥበቡ ዘንድ ሲመለስ ፊደሉን በአፉ፣ እከኩን በብብቱ ይዞ ነው የሚመጣው። ሁሉንም ባንድ ቁርበት ላይ ደራርበው እኮ ነው የሚያስተምሯቸው። መሪጌታ ይቀቡና እቀባለሁ።»

መሪጌታ ጥበቡ መቋሚያቸውን በአንገታቸው በኩል ወደ ጀርባቸው ሰደው እያንቀሳቀሱ ነበር። «መሪጌታ፣ ይቀቡ! እርስዎ ካልተቀቡ ስንዱ አትቀባም፣ ስንዱ ካልተቀባች እትዬ ውዴ አይቀቡም፣ እትዬ ካልተቀቡ ጋሼ አይቀቡም፣ ጋሼ ካልተቀቡ ዶክተር ቅባት አይሰጡም፣ ቅባት ካልሰጡ እጄ አይድንም፣ እጄ ካልዳነ እህቴ ልጇን አታሳቅፈኝም!»

«ትንፋሽህን ሰብስብ ልጄ» አሉ መሪጌታ። «ተቀብቼ ቅኔ ማኅሌት ብገባ ካህናቱ ዜማውን ትተው በመስኮት ይዘላሉ። ለሽምግልና በተቀመጥን ቁጥር ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር ባንድ ጋቢ ነው የምንከናነበው። እሱ ይቀባና እቀባለሁ።»

ሊቀመንበሩ አቶ አስረስ ጀርባቸውን በበራቸው መቃን ላይ ይፈትጋሉ። መቃኑ ከመፈተጉ ብዛት ቀጥኖ እርሳስ አክሏል። «ሊቀመንበር፣ ይቀቡ! እርስዎ ካልተቀቡ መሪጌታ አይቀቡም፣ መሪጌታ ካልተቀቡ ስንዱ አትቀባም፣ ስንዱ ካልተቀባች እትዬ ውዴ አይቀቡም፣ እትዬ ካልተቀቡ ጋሼ አይቀቡም፣ ጋሼ ካልተቀቡ ዶክተር ቅባት አይሰጡም፣ ቅባት ካልሰጡ እጄ አይድንም፣ እጄ ካልዳነ እህቴ ልጇን አታሳቅፈኝም!»

«እከክ? በኔ ቀበሌ? ‹እከክ ዜሮ› ብዬ ለወረዳ ሪፖርት ልኬ ተጨብጭቦልኛል! የሌለ በሽታ እንዴት ይቀቡታል?»

«ታዲያ አሁን ምን እያደረጉ ነው?»

«በሩን እየወለወልኩ።»

ከዚያ ግራ ቀኙን አይተው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። «ስማኝማ። አለ እንኳን ብንል እኔ አላመጣሁትም። ዶክተሯ የመጡ ጊዜ ለክብራቸው አዲሱን ብርድ ልብሴን አለበስኳቸው። ከመለሱልኝ ወዲህ ነው በር መወልወል ያበዛሁት። እሳቸው ይቀቡና እቀባለሁ።»

ልዑልሰገድ ይህን ሲሰማ ማከኩን ረሳ። ማርኩን የሚሰጡት ዶክተር ወይንሸት ናቸው። ብዕራቸው የጨከነችበት ተማሪ ጢሙ እስኪሸብት አንድ ክፍል ይደግማል ይባላል። «እርስዎም ያሳክክዎታል» ተብሎ ለእንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይነገራል? ሊመለስ አለ። ከዚያ በር ላይ ቆሞ የእህቱን ልጅ በሩቁ ሲያያት ታየው። ሄደ።

ዶክተር ወይንሸት በረንዳው ላይ የበሽታን መንገድ በጠመኔ እየሳሉ ያስተምራሉ። ጀርባቸውን ምሰሶው ላይ አስደግፈው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ተማሪዎቹ ክረምቱን ሙሉ ዶክተሯ እስክስታ ይወዳሉ ብለው ነበር የሚያስቡት።

«እህስ፣ ማን ጋ ደረስክ?»

«ዶክተር፣ መንደር ሲቆጠር ቆጣሪው ይቆጠራል?»

«እንዴት አይቆጠር! የመንደሩን ውሃ እየጠጣ፣ የመንደሩን ብርድ ልብስ እየለበሰ!»

«እንግዲያው ዶክተር... ይቀቡ!» አለና ዓይኑን ጨፈነ። «እርስዎ ካልተቀቡ ሊቀመንበሩ አይቀቡም፣ ሊቀመንበሩ ካልተቀቡ መሪጌታ አይቀቡም፣ መሪጌታ ካልተቀቡ ስንዱ አትቀባም፣ ስንዱ ካልተቀባች እትዬ ውዴ አይቀቡም፣ እትዬ ካልተቀቡ ጋሼ አይቀቡም፣ ጋሼ ካልተቀቡ እርስዎ ቅባት አይሰጡም፣ ቅባት ካልሰጡ እጄ አይድንም፣ እጄ ካልዳነ እህቴ ልጇን አታሳቅፈኝም!»

የምትበር ዝንብ እንኳ አየር ላይ ቆማ ጠበቀች። ዶክተር ወይንሸት ምሰሶውን አዩ። የጣቶቻቸውን መሃል አዩ። ከዚያ ሳቃቸው ፈነዳ፤ የጤና ኬላው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ።

«ክረምቱን ሙሉ ‹የውሃው ለውጥ ነው› እያልኩ! መንደሩን ሁሉ ስቆጥር እኔን ዘልዬ! ልዑልሰገድ፣ ትምህርቱ ገብቶሃል። ባልዲውን አምጣ!»

«ግን ዶክተር፣ መጀመሪያ ማን ነው ያመጣው?» አለች አንዷ ተማሪ።

«ጫፍና ጫፉ የተቋጠረ ገመድ ነው፤ መጀመሪያውን ስትፈልጊ አክከሽ ታልቂያለሽ። ሁላችንም በአንድ ቀን እንቀባለን፣ ልብሱም ሁሉ በአንድ ቀን ይቀቀላል!»

ዋርካው ሥር ሰው ተሰበሰበ። ዶክተር ወይንሸት እጅጌያቸውን ሰብስበው እስከ ክንዳቸው፣ ሻሻቸውን ፈትተው እስከ ጆሮ ግንዳቸው ተቀቡ።

ይሄኔ ገመዱ ተተረተረ! ዶክተር ሲቀቡ ሊቀመንበሩ ተቀቡ፣ ሊቀመንበሩ ሲቀቡ መሪጌታ ተቀቡ፣ መሪጌታ ሲቀቡ ስንዱ ተቀባች፣ ስንዱ ስትቀባ እትዬ ውዴ ተቀቡ፣ እትዬ ሲቀቡ ጋሼ ደምመላሽ ተቀቡ፣ ጋሼ ሲቀቡ ዶክተር ለልዑልሰገድ ቅባቱን ሰጡ። ሕፃን ሽማግሌው፣ ያከከውም ያላከከውም ተቀባ። ሽታውማ! ዝንቦች ዕቃቸውን ጠቅልለው ጎረቤት ወረዳ ገቡ። ጅብ መንደሩ ዳር ደርሶ አፍንጫውን ይዞ ተመለሰ። ዋርካ በር ውስጥ ግን ማንም ለማንም አልሸተተም፤ ሁሉም ሸትቷላ! እትዬ ውዴም ባላቸውን ከአልጋ አላባረሩም፣ ስንዱም ጭኗን አልከለከለች።

ጋቢው፣ ኩታው፣ ብርድ ልብሱ በየጋኑ ተቀቅሎ አጥር አጥሩ ላይ ተሰጣ። ከማዶ ያዩ ሰዎች «ዋርካ በር ላይ ደመና ወረደ» ብለው ጃንጥላ ዘረጉ። ሊቀመንበሩም ለወረዳ አዲስ ሪፖርት ላኩ፦ «እከክ የነበረብን፦ ሁላችንም፣ እኔም ጭምር። አሁን ያለብን፦ ማንም የለም።»

ክርስትናው ደረሰ። ሰርካለም በር ላይ ቆማ አፍንጫዋን ሸበሸበች።

«ልዑል! ምን ሆነህ ነው እንቁላል እንደተበላሸበት ቤት የምትሸተው?»

«ጤና ነው የሚሸትሽ።»

«አሳየኝ እጅህን።» ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቃ አየች፤ ገልብጣ አየች። ከዚያ ልጅቷን ክንዱ ላይ አስቀመጠችለት።

ሕፃኗ የአጎቷን አውራ ጣት ያዘች። አንዴ አነጠሰች። እንቅልፍ ወሰዳት። ልዑልሰገድም ጣቱን ሳያነቃንቅ ዋለ፤ ግብዣው አለፈው፣ ጭፈራው አለፈው፣ ግድ አልሰጠውም።

ተረቱ እዚህ ላይ አበቃ። ስትሰማ የሆነ ቦታ ካሳከከህ ቅባቱ አሁንም ባልዲው ውስጥ አለ። ብቻህን ግን እንዳትመጣ።