መልሱ ያልተነበበ ጥያቄ

አንድ ይትባረክ የሚባል ፕሮግራመር ነበር። እጁ ፈጣን ነው። ሌላው በወር የሚጨርሰውን በሳምንት ያስረክባል፤ ይህን ሲነግሩትም ደስ ይለዋል።

አንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ ሳጥን ገዛና ድራይቨሩን፣ ማለትም ሳጥኑንና ኮምፒውተሩን የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ እንዲሠራለት ሰጠው። ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ሳጥኑ ኮምፒውተሩን ይጠራል፤ የነርሶቹ ስክሪን ይጮኻል። ለዚህም ድራይቨሩ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ሁሉን ከሚያስተዳድረው ስርዓተ ክወና የጥሪ መስመር መጠየቅ አለበት። ይትባረክ ጥያቄውን ጻፈ። ሊከለከል እንደሚችል እያወቀ ግን መልሱን የሚያነብ ትእዛዝ አልጻፈም። በእሱ ጠረጴዛ ላይ አንድም ቀን ተከልክሎ አያውቅማ። ከጥያቄው አስከትሎ በነርሶቹ ስክሪን ላይ «ዝግጁ» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ እንዲወጣ አደረገና አስረከበ።

ስምንት ቀን ሙሉ ስክሪኑ ጭጭ አለ። ሁሉም ጸጥታውን ወደዱለት። በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነርሷ ሲስተር አልጋነሽ እንደ ልማዷ እጇን ወደ ሳጥኑ ብትሰድ ሕፃኗ ትፋጃለች። ብድግ አድርጋ አወጣቻት። ልጅቷ በስንት መከራ ተረፈች።

ይትባረክ እየከነፈ መጣ። የኮምፒውተሩን መዝገብ ሲከፍት ክው አለ። መስመሩን ሌላ መሣሪያ ቀድሞ ይዞታል፤ ስርዓቱም ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ «አልተፈቀደም» ሲል መልሶለታል። ሳጥኑ በዚያ ቀን ብቻ አሥራ ሰባት ጊዜ ተጣርቷል። ሰሚ አልነበረውም።

«ታዲያ ይሄ አረንጓዴ ማንን አምኖ ነው ዝግጁ ነኝ ያለን?» አለችው ሲስተር አልጋነሽ።

«እኔን» አለ።

እዚያው ቁጭ ብሎ ድራይቨሩን አስተካከለው። ነፃ መስመር አስያዘለት፤ ወደፊት ደግሞ ከተከለከለ የያዘውን ሁሉ ለቆ፣ በቀይ «ዝግጁ አይደለሁም» ብሎ እንዲቆም አደረገው። የጨመረው አራት መስመር ኮድ ብቻ ነው። ሊወጣ ሲል የሕፃኗ እናት በር ላይ ጠበቀችው። የሌላ ሰው ጥፋት ሊጠግን የመጣ መስሏታል።

«ልጄን ያተረፍክልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ» አለችው።

ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

መከልከል በማንም ላይ ይደርሳል። ሰው የሚጎዳው ግን፣ የተከለከለው እንደተፈቀደለት ሆኖ ሲቀመጥ ነው። እስቲ እርስዎም ያስቡት፤ ጠይቀው፣ መልሱን ሳይሰሙ «አልቋል» ያሉትን ሥራ አሁን ማን አምኖት ተቀምጧል?