ጭቃን የከሰሰው ሰሌዳ

ድንጋይ ዳቦ በነበረበት ዘመን ሲባል ሰምታችኋል አይደል? የእኔ ተረት ከዚያ ትንሽ ዘግየት ይላል። ዳቦው ደረቅ ደረቅ እያለ፣ ጥርስ እየሰበረ፣ «ይኼ ነገር ድንጋይ ሊሆን ነው እንዴ?» ተብሎ መታማት በጀመረበት ሰሞን የሆነ ነው። እስቲ ጠጋ በሉ። ጆሮውን ረስቶ የመጣ ከጎረቤቱ ይዋስ።

በዚያ ሰሞን አራዊት ሁሉ «ልጆቻችንን እናስተምር» አሉ። መከሩ፣ ዘከሩ፣ በመጨረሻ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ትምህርት ቤት ከፈቱ። አስተማሪው ሽማግሌው ጉሬዛ ሆኑ። የኔታ ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ካባ የደረቡ፣ ሲያስሉ እንኳ ቅኔ የሚዘርፉ የሚመስሉ፣ እጅግ የተከበሩ ነበሩ። አንድ ነገር ብቻ ነበረባቸው፤ ካባዬ ይቆሽሻል ብለው መሬት ረግጠው አያውቁም። ስለ መሬት የሚያስተምሩትም ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠው ነው። ረጅሙን ጅራታቸውን ቁልቁል ይለቁና በጅራታቸው ጫፍ ጠመኔ ይዘው ይጽፋሉ።

የሚጽፉት ሰሌዳ ላይ ነበር። ሰሌዳ ግንዱን ተደግፎ ቆሞ ይውላል፤ በዓለም ላይ ያለ እውቀት ሁሉ ደረቱ ላይ ያለ ይመስለዋል። ሌላው ረዳታቸው አርጩሜ ነው፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሲናገር የሚያፏጭ።

ከተማሪዎቹ ሦስቱ ከፊት ይቀመጡ ነበር። ድንቡሼ የከርከሮ ልጅ ነች። ሹሌ የጃርት ልጅ ነው። እርጋታ ደግሞ የኤሊ ልጅ ነች፤ ማለዳ ከቤቷ ተነስታ ትምህርት ሲያልቅ ትደርሳለች፣ ስለዚህ እዚያው ማደር ጀምራለች።

በየጠዋቱ አርጩሜ ያፏጫል፤ «እጅ ወደ ኋላ! አይነካም፣ አይዳሰስም፣ አይሞከርም!» ልጆቹም የፊት እግራቸውን ወደ ኋላ ያደርጋሉ። ወደ ኋላ ሲያደርጉ በአፍንጫቸው ይደፋሉ። ተደፍተውም ይማራሉ።

አንድ ቀን የኔታ «ጭቃ» ብለው ጻፉ።

«በሉ ተከተሉኝ! ጭቃ ማለት አፈርና ውሃ ተቀላቅለው የሚሆኑት ነው!»

«ጭቃ ማለት አፈርና ውሃ ተቀላቅለው የሚሆኑት ነው!» አሉ ልጆቹ በተደፉበት።

ከዋርካው ፊት ለፊት፣ ከአንዲት ምንጭ የሚፈልቅ ውሃ በሚንጣለልበት ሜዳ፣ አንድ ሰፊ ጭቃ ተኝቶ ነበር። ስሙን ሲሰማ ነቃ።

«አቤት!» አለ ጭቃ።

«ማን ጠራህ?» አለ ሰሌዳ።

«ጭቃ ሲባል ሰማሁ። ጭቃ ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ዝም በል! ስለ ጭቃ እየተማርን ነው፤ አትረብሸን።»

ድንቡሼ አፍንጫዋን ከመሬት ነቀል አደረገች። «የኔታ፣ ጭቃው ያውና። ሄደን ብናየውስ?»

«ለምን ብለሽ?» አሉ የኔታ ተገርመው። «ትርጉሙን ነግሬሽ የለም እንዴ?»

ማታ ድንቡሼ ቤቷ ስትገባ እናቷ ወይዘሮ ከርከሮ አገላብጠው አዩዋት። ንጹሕ ነች። «እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ። «እኛ ዕድሜያችንን ጭቃ ላይ ስንንከባለል ፈጀን። አንቺ እንኳ ትርጉሙን ተማሪልኝ።»

በማግስቱ የኔታ በቅርንጫፋቸው ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። ሦስቱ ልጆች ቀስ ብለው ወጡና ጭቃው ዳር ቆሙ።

«ጋሼ ጭቃ፣ ምን ታስተምረናለህ?» አለች ድንቡሼ።

«እኔ?» አለ ጭቃ። «እኔ ምን አውቄ! ተኝቼ ነው የምውለው። እናንተ ምን ትፈልጋላችሁ?»

ልጆቹ ተያዩ። እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።  በመጨረሻ ሹሌ፣ «እኔ መግባት እፈልጋለሁ!» አለና ዘሎ ገባ። ቀጫጭን እግሮቹ ስምጥ አሉ፤ ጭቃው ሆዱ ላይ ደረሰ።

«ያዘኝ! አውጡኝ!»

ድንቡሼ እሾሁን ይዛ ጎተተች። አፏ ተወጋ፤ «ኡኡ!» አለች። እንደገና ጎተተች፤ ሹሌ ይባስ ብሎ ሰመጠ። ይኼኔ እርጋታ በደረቷ እየተሳበች ሹሌ አጠገብ ደረሰች።

«አንቺ ለምን አልሰመጥሽም?» አለ ሹሌ።

«እንጃ። ጠፍጣፋ ስለሆንኩ ይሆን?»

ድንቡሼ ተናደደች። ተናዳም በአፍንጫዋ መሬቱን ስትቆፍር ከምንጩ በኩል ውሃ ፈሰሰ፤ ውሃው በሹሌ እግሮች ዙሪያ ገባ። ጭቃውም «ቿ!» ብሎ ለቀቀው።

«ለቀቀኝ!» አለ ሹሌ።

«ውሃው ነው ያስለቀቀህ?»

«እንጃ፣ ልስመጥና እንየው!»

እንደገና ሰመጠ። እንደገና ውሃ ለቀቁበት። «ቿ!» ድንቡሼም ሰመጠች። «ቿ!» እርጋታ መስመጥ አማራት፤ አልሆነላትም፤ አለቀሰች። ጓደኞቿ ጀርባዋ ላይ ድንጋይ ጭነው እስኪያሰምጧት አልተወችም።

ሲመለሱ ከዓይናቸው በቀር የሚታይ ነገር አልነበራቸውም። የኔታ ነቅተው ቢያዩዋቸው ከቅርንጫፋቸው ሊወድቁ ትንሽ ቀራቸው።

«ጭቃ ማለት ምንድን ነው?» አሉ።

«ጭቃ ማለት ሲጎትቱት የሚጎትት፣ ውሃ ሲያጠጡት የሚለቅ ነው!» አለች ድንቡሼ።

ሰሌዳ ጮኸ። «ይኼ እኔ ላይ አልተጻፈም! እኔ ላይ ያልተጻፈ ደግሞ እውነት አይደለም!»

ከዚያ ወዲህ ሰሌዳና አርጩሜ ጭቃን ለማራቅ መዶለት ጀመሩ። በመጀመሪያ አርጩሜ በሜዳው ላይ መስመር አሰመረ፤ «ከዚህ አትለፉ!» አለ። ዝናብ ዘነበ፣ ጭቃው ሰፋ፣ መስመሩን ዋጠው። ልጆቹም፣ «መስመሩ ራሱ ጭቃ ውስጥ ገብቷል፤ እኛ መስመሩን ተከትለን ነው» አሉ።

ቀጥሎ የልጆቹን እጅ በሣር ገመድ ወደ ኋላ አሰሩት። ልጆቹ በአፍንጫቸው አቦኩ። በአፍንጫቸውም ገንፎ የሚመስል ነገር ሠሩ፣ ጉብታ ሠሩ፣ ጆሮ ያለው ጉብታ ሠሩ።

በመጨረሻ ሰሌዳ፣ «እንክሰሰው!» አለ።

«ማን ይፍረድ?» አለ አርጩሜ።

«ከቆላ ዳኛ ግመል ይምጡ። በአሸዋ አገር ተወልደው በአሸዋ አገር ያደጉ ናቸው። ጭቃ የሚባል አይተው ስለማያውቁ አያዳሉም።»

ዳኛ ግመል መጡ። አገሩ ሁሉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ተከሳሹ ይቅረብ ተባለና ጭቃን በቅርጫት ይዘው ሊያመጡት ሄዱ። ሲደርሱ ቅርጫቱ ባዶ ነው። ተከሳሹ ሁሉ መንገድ ላይ ተንጠባጥቦ፣ በተሸካሚዎቹ እግር ላይ ተለጥፎ ቀርቷል።

«ክሱን አንብብ» አሉ ዳኛው።

ሰሌዳ ደረቱን ነፋ። «ጭቃ ሳይቀጠር አስተምሯል!»

«አላስተማርኩም፤ ተኝቼ ነበር» አለ ጭቃ ከሜዳው ሆኖ።

«ተኝቶ አስተምሯል! ይኼ ደግሞ የባሰ ነው! ስለዚህ ምንጩ ይደፈንልኝ፣ ጭቃው በፀሐይ ይድረቅልኝ፣ አቧራ ሆኖ ነፋስ ይውሰድልኝ!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። አንዲት አሮጊት ሚዳቋ ብቻ፣ «ምንጩ ከተደፈነ ምን ልንጠጣ ነው?» አለች።

«እሱ በሌላ ክፍለ ጊዜ የሚታይ ነው» አለ ሰሌዳ።

ሦስቱ ልጆች ይኼን ሲሰሙ ዕንባቸው መጣ። ሹሌ እሾሁን አቁሞ፣ «ጋሼ ጭቃን አቧራ ልታደርጉት ነው?» እያለ አነባ። እናቱ አፉን ያዘችው።

ዳኛ ግመል አንገታቸውን ወደ ሜዳው አሰገጉ። «ተከሳሽ! ቀረብ በልና ቃልህን ስጥ!»

«ጌታዬ፣ እኔ እግር የለኝም። እርስዎ ቀረብ ይበሉ።»

ዳኛው አንድ እግር አስቀደሙ፤ ሰመጠ። እሱን አወጣለሁ ብለው ሌላውን አስገቡ፤ ሰመጠ። ሁለቱን አወጣለሁ ብለው የኋላዎቹን አመጡ። አራቱም ገቡ፤ ጭቃው ሆዳቸው ላይ ደረሰ።

«ችሎት ደፈርክ! ልቀቀኝ!»

«ይዣለሁ እንጂ ምን አደረግኩ? ጭቃ ነኝ እኮ» አለ ጭቃ።

አገር ተተራመሰ። የኔታ ጉሬዛ ከላይ ሆነው፣ «ዳኛ ሆይ፣ አይፍሩ! ጭቃ ማለት አፈርና ውሃ ተቀላቅለው የሚሆኑት ነው!» ብለው ጮኹ። ዳኛው ሰመጡ። አርጩሜ ዘሎ ጭቃውን ገረፈው፤ ጭቃው ተረጭቶ በዳኛው ዓይን ውስጥ ገባ እንጂ አላለቀሰም። ዳኛው ሰመጡ። የተሰበሰበው ሕዝብ ጅራታቸውን ይዞ «ሆ!» ብሎ ጎተተ። ዳኛው አሁንም ሰመጡ፤ ሻኛቸውና አንገታቸው ብቻ ቀረ።

«እንዲህ አይደለም!» አለች ድንቡሼ። «ስትጎትቱት እኮ ይጎትታል!» ከሕዝቡ መሐል ፈትለክ ብላ ወጣች።

«ድንቡሼ! ትቆሽሻለሽ!» አሉ እናቷ።

«ትቁሸሽልኝ! እባክሽ ትቁሸሽልኝ!» አሉ ዳኛው።

ድንቡሼ ከምንጩ ጀምራ በአፍንጫዋ ቦይ ቀደደች። ሹሌ ውሃው በዳኛው እግሮች ዙሪያ እንዲገባ በጥፍሩ መንገድ ጠረገለት። እርጋታ በደረቷ ተስባ እስከ ዳኛው ጆሮ ደረሰችና፣ «ጌታዬ፣ አይታገሉ፤ እግርዎን አንድ በአንድ ያወዛውዙት» አለቻቸው።

«አንዱ ሲወጣ የት ላሳርፈው? ተመልሶ ይሰምጣል!»

እርጋታ ዙሪያውን አየች። ሰፊ፣ ጠንካራ፣ ጠፍጣፋ ነገር ያስፈልጋል። ዓይኗ ሰሌዳ ላይ ዐረፈ።

«እኔን አይደለም!» አለ ሰሌዳ። «እኔ ላይ ይጻፋል እንጂ አይረገጥም! የኔታ! ሕዝብ! ሕግ!»

ወይዘሮ ከርከሮ ወደ ሰሌዳ አዩ፣ ወደ ልጃቸው አዩ። ከዚያ በጥርሳቸው ሰሌዳን ከነእውቀቱ ነቅለው ጎትተው ጭቃው ላይ አነጠፉት። አርጩሜን ደግሞ ሹሌ ያዘውና ጠንካራው መሬት የት እንደሆነ ለማወቅ እዚህም እዚያም ይወጋበት ጀመር። «እዚህ ለስላሳ ነው! እዚህም ለስላሳ ነው! እዚህ ጠንካራ!» አለ አርጩሜ፤ ሳያፏጭ ሲናገር ያን ዕለት ነው የተሰማው።

«ቿ!» አንድ እግር ወጣ፤ ሰሌዳው ላይ ዐረፈ። «ቿ! ቿ! ቿ!» ዳኛ ግመል ከራስ እስከ ኮቴ ጭቃ ሆነው ዳር ላይ ተዘረጉ። ሕዝቡ እልል አለ።

ዳኛው ትንፋሻቸው ሲመለስ ልጆቹን ጠሩ። «ይኼን ማን አስተማራችሁ?»

«ማንም» አለች ድንቡሼ። «ሰምጠን ነው።»

ዳኛው አሰቡ። ጭቃው ፊታቸው ላይ እስኪደርቅ አሰቡ። ከዚያ እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦ «ጭቃ ነፃ ነው። ምንጩ አይደፈንም። ልጆቹ እጃቸው ወደ ፊት ይሁን። የኔታ ጉሬዛ ደግሞ ከዚህ ቀን ጀምሮ ተማሪ ናቸው።»

የኔታ ብዙ ለመኑ። «ካባዬ! ማዕረጌ! ሽበቴ!» አሉ። ፍርድ ፍርድ ነውና ግንዱን አቅፈው፣ እየተንሸራተቱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ወረዱ። እግራቸው ጭቃውን ሲነካ «ዋይ!» አሉ። ልጆቹ ከበቧቸው።

«እሺ፣ ምን ልሥራ?» አሉ የኔታ።

«እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?» አለች እርጋታ።

የኔታ ጉሬዛ ያን ሁሉ ዕድሜ ሲኖሩ ይኼን ያህል ከባድ ጥያቄ አልተጠየቁም። ቆሙ። ጢማቸውን አሻሹ። ልጆቹ «እንዲህ ያድርጉ» አላሏቸውም፤ ጠበቁ። በመጨረሻ የኔታ ዝቅ ብለው አንድ ጣታቸውን ጭቃው ውስጥ ነከሩ። «ይቀዘቅዛል!» አሉ። ሁለተኛ ጣታቸውን ነከሩ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን። ጨበጡ፣ ጨመቁ፣ ደበደቡ፣ አድቦለቦሉ፣ ጆሮ አወጡለት፣ ጆሮውን መልሰው ነቀሉት። ካባቸው ከጥቁርና ነጭ ወደ ቡናማ ተለወጠ፤ አላስተዋሉትም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያልተስተካከለ፣ ጎባጣ፣ ሦስት እግር ያለው ነገር አነሱና ለልጆቹ አሳዩ።

«የኔታ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለ ሹሌ።

የኔታ ጉሬዛ በሕይወታቸው ተናግረውት የማያውቁትን ቃል ተናገሩ።

«አላውቅም!» አሉ፤ ከደስታቸው ብዛት ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። «አላውቅም! ነገ ስትመጡ አብረን እናየዋለን።»

ስለዚህ ልጆቼ፣ በጆሮ የሰሙት ይረሳል፤ በእጅ ያቦኩት ግን ይወረሳል። እኔ አፌን ደክሞኛል፣ ዘጋሁት። እናንተ እጃችሁን ክፈቱ።