በነጻ ፈቃዴ ፈረምኩ

በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በጠባብ ሱቅ ጥናት እያባዛ የሚጠርዝ ሰው ነበር። ማሽኑ ያበላሻቸውን ገጾች እየለቀመ ስለሚያነብ፣ የፖለቲካ ፍልስፍና እውቀቱ ከመሃል ጀምሮ መሃል ላይ ይቆማል። ይህንንም ስለሚያውቅ «እኔ የተጨማደድኩ ምሁር ነኝ» እያለ በራሱ ይስቃል።

አንድ ቀን የዓለም አቀፍ ግንኙነት መምህር የሆኑት የፕሮፌሰር ስንሻው ጥናት ሊጠረዝ መጣ። «ደካማ አገር ከኃያል አገር ጋር ውል ከፈረመ፣ በነጻ ፈቃዱ ፈርሟል ማለት ነው» ይላል። ጠራዡ እጁ አላርፍ ብሎት ኅዳጉ ላይ «እምቢ ቢልስ ምን ይደርስበታል?» ብሎ ጻፈ።

በማግስቱ ፕሮፌሰሩ ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ከተፍ አሉ።

«አንተ ደግሞ እኔን ታርመኝ ጀመር? በል ይህን ፈርም! እምቢ ካልክ ዛሬውኑ ሱቋን ታስረክባለህ!»

ወረቀቱ «አላዋቂ ሆኜ የጻፍኩትን በነጻ ፈቃዴ ትቻለሁ» ይላል። ጠራዡ ከሱቋ ሌላ እንጀራ ስለሌለው ወዲያው ፈረመ።

«አላዋቂ ያሉት ልክ ነው፣ ጌታዬ» አለ። «ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬ ሁለቴም አልገባኝም። ግን ምሁራን ጥናት መጨረሻ ላይ ማስረጃ ታክሉ የለ? ደካማ በነጻ ፈቃዱ ሲፈርም ይኸው ስለተገኘ፣ ወረቀቱን ከጥናትዎ ጋር ልጠርዘው።»

ፕሮፌሰሩ ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ ጠራዡ፣ «ሱቋን ታስረክባለህ ያሉኝን ወረቀቱ ላይ ረስተውታል። እሱን ምዕራፍ ስንት ላስገባልዎ?»