ያልተሰበረውን የቆጠረ ዳኛ

አንድ ሰው ነበረ። ትርሲት፣ «መምህር፣ ከመፈንዳቱ በፊት ማንም ያላየው ኮከብ ምን ዓይነት እንደነበረ በምን ይታወቃል? ጥናቱን ብተወው ይሻለኛል» ስላልሽኝ ነው የማወራልሽ። ቁጭ በይና ስሚኝ።

ሰውየው ዳኛ ነበረ፤ ነገር ቶሎ የማይገባው፣ ከያዘ ግን የማይለቅ ዓይነት። አንድ ቀን የመንደሩ ሰዎች አንዲት ሸክላ ሠሪ ጎትተው አመጡለት። የጠላ ጋን በየቤቱ እየፈነዳ አስቸግሯቸዋል። «ዓይኗ ነው! ከአገር ትውጣልን!» አሉ። ለማስረጃ ገሉን በእንቅብ ሞልተው አቀረቡ። ዳኛው ቢያገላብጠው ገል ገል ነው፤ ምንም አልነገረውም።

ሴትዮዋ «ጌታዬ፣ ሦስት ልጅ ይዤ የት እገባለሁ?» ብላ አለቀሰች። አንጀቱን በላችው።

«ሰባት ቀን ስጡኝ» አለና በየቤቱ ይዞር ጀመር። የፈነዳውን ብቻ ሳይሆን ያልፈነዳውንም ጋን ቆጠረ፤ የእያንዳንዱንም ዕድሜ ጠየቀ። «ዳኛችን ደህናውን ጋን ሊከስ ነው እንዴ?» እያሉ ሳቁበት። እሱ ግን ልብሱን ሰብስቦ ወንዙን ተሻገረ። ድልድዩ ከፈረሰ ወዲህ ጋን ተሸክሞ የሚሻገር ስለሌለ፣ ማዶ ያለው መንደር አሥር ዓመት ሙሉ አዲስ ጋን አላየም። ሸክላ ሠሪዋም ረግጣው አታውቅም።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው እንዲህ አለ፦ «ማዶም ጋን ይፈነዳል፤ ከመቶ ሁለት። እሱ እርጅና ነው፤ ዓይኗ እዚያ አልደረሰም። እዚህ ግን ከመቶ አሥር ነው። ሁለቱ እንደ ማዶው አሮጌ ናቸው፤ ስምንቱ በዚህ ክረምት የተሠሩ።»

ሴትዮዋ ቀና አለች። «ክረምት ሸክላ አይደርቅም ብዬ ነበር፤ ቶሎ አድርሺ ብለው አጣደፉኝ» አለች።

ዳኛውም በነጻ አሰናበታት። በበጋው በደንብ ያደረቀችውን ጋን ይዛ ገበያ ስትወጣ፣ ቀድማ የገዛችው «ከአገር ትውጣ» ብላ አብዝታ የጮኸችው ወይዘሮ ናት።

ይኸውልሽ ትርሲት፣ ከፈነዳው ኮከብ የቀረልሽ ገሉ ነው። ኮከቦች ተሰብስበው የሚኖሩባቸው ጋላክሲዎች ግን መንደሮችሽ ናቸው። አዲስ ኮከብ መውለድ ያቆመው ጋላክሲ ማዶው መንደር ነው፤ እዚያ ፍንዳታ ካገኘሽ ያረጀ ኮከብም ይፈነዳል ማለት ነው። አዲስ ኮከብ በሚወለድበት ብቻ የምታገኚው ፍንዳታ ደግሞ የእነዚያ ዕድሜያቸው አጭር የሆነ ግዙፍ ኮከቦች ነው። ስለዚህ ገል ታቅፈሽ አታልቅሺብኝ። ሂጂና ቁጠሪ፤ ቢስቁብሽም ያልፈነዱትን አትዝለዪ።