በዙፋኑ በኩል ያለው መስመር

በደንገዛ ጫካ ሁሉም ነገር ሥርዓት አለው። ዝናብ እንኳ የሚጠፋው በሥርዓት ነው፤ ንጉሥ አንበሳ «ዘንድሮ በጋው ይረዝማል» ካሉ በኋላ። ጅቦችና ሣር በሎች በወንዙ ሲጣሉ ደም እንዳይፈስ ብለው ግርማዊነታቸው ኳስ አዘዙላቸው፤ በየበጋው መግቢያ አንድ ጨዋታ። ጅቦች ካሸነፉ ወንዙን ይወስዳሉ። አቻ ከተወጣ ለሣር በሎች ይጸናል። በመሀል እረፍት አለ፤ ጎን መቀያየር ግን የለም። በደንገዛ ቦታው የሚቀየርለት ማን አለና!

ከኳሱ የቆየ ሌላ ሕግም አለ፤ ለንጉሥ ጀርባ አይሰጥም። ዙፋኑ ከሜዳው ዳር፣ ከሾላው ሥር ነው። ሕጉም የሾላው ጥላ እስከሚደርስበት ድረስ ይሠራል። ጅቦችን አይመለከትም፤ የንጉሡን ማዕድ ትራፊ የሚለቅሙ ቤተኞች ናቸው፤ ቤተኛ ቢዞር ለሥራ ነው ይባላል። አምና በዚያ መስመር የሚከላከለው ድኩላ ኳስ ሊያባርር ዞረ። ግርማዊነታቸው ዛሬ የሚቀመጡበት ቁርበት እሱ ነው።

ዘንድሮ በድኩላው ቦታ የቆመችው እመት አህይት ናት። ወዳ አይደለም፤ ሁሉም ሲያፈገፍግ እሷ ሳታፈገፍግ ቀርታ ነው። የውርንጭላዋ የፊት እግር ጠማማ ነው። ወንዙ ከሄደ ሌላው ውሃ ከገደሉ ማዶ ነው፤ ውርንጭላዋ ገደል አትወጣም። እመት አህይት ይህን ካሰበችው ቆይታለች። አሁን ሐሳቡ እንደ አሮጌ ጭነት ሆኖባታል፤ አለ፣ ግን አይሰማትም።

የጅቦቹ አሠልጣኝ ቀበሮ ነው። ከዙፋኑ አጠገብ ቆሞ ድምፁን ዝቅ እንኳ ሳያደርግ መከራቸው።

«ልጆች፣ ጉልበት አታባክኑ። ኳሱን በወዲያኛው መስመር አንሸራሽሩት፤ ሣር በሎች ተግተልትለው ወደዚያ ይሳባሉ። ያኔ ባንድ ምት ወደዚህ አሻግሩና በእመት አህይት ራስ ላይ አሳልፉት። እሷ እንደሆነች አትዞርም። ጨዋ ናት።»

አጋዘን በማዕዘን ምት አንድ ግብ አግብታ ሣር በሎች ገና ሲፈነጥዙ፣ ቀበሮው እንዳለው ሆነ። ኳሱ በራሷ ላይ አለፈ። እመት አህይት ፊቷን ወደ ዙፋኑ እንዳደረገች የኋሊት ተንደረደረች። ጅቡ በአጠገቧ ሲያልፍ «እመት፣ ቆመሽ ሸኚኝ እንጂ!» ብሎ ሳቀባት። አንድ ለአንድ።

በእረፍቱ ሣር በሎች ተሰበሰቡ።

«ሌላ ቦታ አቁሙኝ» አለች እመት አህይት። «ካልሆነም አያ ጎሽ ከኋላዬ ይሁንልኝ።»

«ከኋላሽማ ከቆምኩ ጥላው እኔንም ያገኘኛል» አለ አምበሉ ጎሽ።

«ዙፋኑ ትንሽ ፈቀቅ ቢልስ?» አለች ፍየል። ሁሉም መሬት መሬት አየ።

«ማን ይነግራቸዋል? አንቺ ትነግሪያለሽ?» አላት አንዱ ከመንጋው።

«እኔ ሐሳብ ነው ያልኩት።»

«ሐሳብሽን ዋጪው!»

ጎሽ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወገኖቼ፣ ጉድለቱ የሥርዓቱ አይደለም፤ የልምምድ ነው። እመት አህይት የኋሊት ሩጫዋን ታሻሽል። እኛም ስሟን ጮክ ብለን እየጠራን እናበረታታታለን።» በአንድ ድምፅ ጸደቀ። የእሷን ድምፅ የጠየቀ የለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥላው ረዘመ፤ እስከ ግቡ አፍ ደረሰ። በረኛው ከርከሮ እንኳ ጥላው ሲነካው ፊቱን ወደ ዙፋኑ መልሶ ቀጥ አለ። ጅቦች ኳሱን በወዲያኛው መስመር አንሸራሸሩት፤ መንጋው ተሳበ፤ ኳሱ ተሻገረ። «እመት አህይት! እመት አህይት!» እያለ መንጋው ጮኸ። ኳሱ በራሷ ላይ አልፎ፣ በተገተረው ከርከሮ ጎን ወደ ግቡ ይንከባለል ጀመር።

እመት አህይት ዞረች።

ድፍረት አልነበረም። ቁጣም አልነበረም። አንገቷ ዞረ፣ እግሯ ተከተለ። ጅቡን ቀድማ የግቡ መስመር ላይ ደረሰችና ኳሱን በሁለት የኋላ እግሯ ረገጠችው። ኳሱ ሜዳውን አቋርጦ ዙፋኑ ሥር መጥቶ ቆመ። ዳኛው ኤሊ የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋ።

አንድ ለአንድ። ወንዙ ጸና። እልል ያለ አልነበረም።

ንጉሡ ኳሱን አላዩትም። የተቀመጡበትን ቁርበት በመዳፋቸው ዳበሱና «ይቺ ሳስታለች» አሉ።

«ሳስታለች፣ ግርማዊነትዎ» አለ ቀበሮ።

ማታውን መንጋው ወንዝ ወረደ። እመት አህይትና ውርንጭላዋ ሲደርሱ ዳርቻው ተከፈተላቸው፤ ሰፊ ቦታ፣ ብዙ ውሃ። ጎሽ ፈቀቅ አለ፣ ፍየል ፈቀቅ አለች፣ ከርከሮም። ከዚያ ሁሉም ዞረው መጠጣት ቀጠሉ።

«እማዬ» አለች ውርንጭላዋ፣ «ለምንድን ነው ሁሉም ጀርባቸውን የሰጡን?»

እመት አህይት የመንጋውን ጀርባ አየች፤ ከዚያ ውሃውን።

«ጠጪ» አለቻት። «አብዝተሽ ጠጪ።»