ጠባሳውን ያየ ሁሉ

ልብ አንጠልጣይ ፊልሞችን በመሥራት የታወቀ አንድ አዘጋጅ ነበር፤ ስሙ ልዑልሰገድ ይባላል። ለፊልሙ ገዳይ ሲፈልግ ተዋናዩን ደርሰህን ይጠራል። አጋች ሲፈልግም ደርሰህን፣ ከዳተኛ ሲፈልግም ያንኑ ደርሰህን። ደርሰህ በልጅነቱ ቡታጋዝ ፈንድቶበት ግራ ጉንጩ ከዓይኑ ሥር እስከ አገጩ ድረስ ተኮማትሯል። ካሜራው ወደዚያ ጉንጭ ጠጋ ካለና ሙዚቃው ከከበደ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ተመልካቹ ገና ምንም ሳይነገረው “እሱ ነው!” ይላል።

በሰባት ዓመት ውስጥ ደርሰህ ለልዑልሰገድ አሥራ አንድ ሰው ገድሎለታል፤ ሦስት ሕፃናትም አግቶለታል። ካሜራው ሲጠፋ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ ሃምሳ ዓመት የተሻገረ ትሑት ሰው ነው። የአዘጋጁ ልጅ ኤልዳና ቀረጻ ቦታ ስትመጣ ከእሱ ጎን አትጠፋም ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልዑልሰገድ ቀረጻው ረዘመበትና ልጁን ከትምህርት ቤት ለመውሰድ ዘገየ። መንገድ ላይ እያለ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደወለለት።

“ጋሼ፣ ልጅቷን ማን እንዲወስዳት ነው የላኩት?”

“ማንንም አልላክሁም። ምነው?”

“ፊቱ ጠባሳ የሆነ ሰውዬ ከበር ላይ አፈፍ አድርጓት ሮጠ። ብጣራ ዞር ብሎም አላየኝ። ጋሼ... ያ የፊልሙ ሰውዬ ነው የመሰለኝ።”

ልዑልሰገድ መኪናውን ዳር አቆመ። ደርሰህ ጋ ደወለ፤ ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። “ምን ያስሮጠዋል? ለምን አልነገረኝም?” እያለ ያብሰለስል ጀመር። ባለፈው ሳምንት ደርሰህ “ኤልዳና የት ነው የምትማረው?” ብሎ ጠይቆት ነበር። ያን ዕለት ተራ ወሬ የመሰለው ጥያቄ አሁን ሲጠና የቆየ ነገር መሰለው። ሰባት ዓመት ሙሉ ጨዋነት የመሰለው ዝምታው ሳይቀር ሌላ ትርጉም አገኘ። ዝም ያለ ሰው በልቡ ምን እንደያዘ ማን ያውቃል? ከዚያ ራሱ የቀረጸው ትዕይንት ፊቱ ላይ ድቅን አለ፤ ሕፃን ተሸክሞ በጠባብ መንገድ የሚሮጥ ባለ ጠባሳ ሰው። ወዲያው ፖሊስ ጋ ደወለ።

“የሚጠረጥሩት ሰው አለ?” አለችው ሳጅኗ።

“አለ። ደርሰህ ይባላል።”

“ከዚህ በፊት ያደረገው ነገር አለ?”

“ፊቱን ሲያዩት ይገባዎታል” አለ።

ብዙም ሳይቆይ ዘበኛው እንደገና ደወለለት። ልጅቷ ጤና ጣቢያ ናት። ልዑልሰገድ እየበረረ ሲደርስ ኤልዳና አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን ተደርጎላት ተኝታለች። ነርሷ ተቆጣችው።

“አስሟ እንዲህ ሲነሳባት ለምን ዘገያችሁ? ከትምህርት ቤቱ እዚህ በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም እኮ! ከንፈሯ ጠቁሮ ነው የደረሰችው።”

ለምን እንደዘገየች የነገረችው በሩ ላይ የቆመች ቲማቲም ሻጭ ናት። ደርሰህ በትምህርት ቤቱ በር ሲያልፍ ልጅቷን ትንፋሽ አጥሯት ግድግዳ ተደግፋ አገኛት፤ ተሸክሟት ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠ። ታክሲ ተራው ጋ ሲደርስ ግን አንዱ “አጋቹ! የፊልሙ አጋች!” ብሎ ጮኸ፤ ሰው ግር ብሎ ከበበው። “አስም ነው! ትንፋሿ ሊቆም ነው፣ አሳልፉኝ!” እያለ ለመነ። ማን ሊያምነው? በፊልሙም ሁሌ የሚዋሽ እሱ ነው። ልጅቷን ነጥቀው እሱን መሬት ላይ ጣሉት።

“እየደበደቡት እንኳ ‘እኔን እንደፈለጋችሁ፣ እሷን አድርሱልኝ’ ነበር የሚለው” አለች ሴትየዋ። “ሁሉም እሱን ነው የሚያየው። ልጅቷን ያየ የለም። እኔም የተጠጋሁት ጉዱን ለማየት ነበር፤ ሳያት ጊዜ ግን አፋፍሼ ይዣት መጣሁ።”

“እሱስ?”

“ፖሊስ ወሰደው። አባትየው ናቸው አሉ ስሙን የሰጡት።”

ልዑልሰገድ አንገቱን ደፋ። እናቷ ደርሳ ከልጅቷ ጎን ስትቀመጥ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ደርሰህ አፉ አብጦ፣ ሸሚዙ ተቀዶ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሲያየው ቀድሞ የጠየቀው፣ “ኤልዳናስ?” ብሎ ነው።

“ተርፋለች።”

ደርሰህ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ቆይቶ ቀና አለ። “ልዑሌ፣ ሕዝቡ አያውቀኝም፤ አልፈርድበትም። አንተ ግን ታውቀኛለህ። ከየትኛው ሥራዬ ተነስተህ ነው የጠረጠርኸኝ?”

“ከአንተ ሥራ አይደለም፣ ጋሽ ደርሰህ” አለ ልዑልሰገድ። “ከእኔ ሥራ ነው።”

ወራት አለፉ። ልዑልሰገድ አዲስ ፊልም ጽፎ ወደ ደርሰህ ቤት ተመላለሰ። ደርሰህ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በሦስተኛው እሺ አለ። በፊልሙ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሴት ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ ልብስ ሰፊ ሆኖ ይሠራል። ነፍሰ ገዳዩ ሌላ ሰው ነው። ልብስ ሰፊው ልጁን ያበላል፣ ያስጠናል፣ ፀጉሯን ይጎነጉናል፤ ከዚያ ውጪ የሚያደርገው የለም።

በምረቃው ዕለት ልዑልሰገድ ከተመልካቹ መሐል ተቀመጠ። ደርሰህ መቀሱን ባነሳ ቁጥር አዳራሹ ጸጥ ይላል። “አሁን ነው፣ አሁን ነው” ይላሉ ከኋላው። የልጅቷን ፀጉር ሲጎነጉን አንዲት ሴት “ወይኔ ልጄን!” ብላ ዓይኗን ሸፈነች። እውነተኛው ገዳይ ተይዞ፣ ፊልሙ አልቆ፣ መብራቱ ሲበራም ሰዉ ከመቀመጫው አልተነሳም፤ የቀረ ነገር ያለ መስሎት ይጠብቃል።

በሩ ላይ አንድ ወጣት ለጓደኛው፣ “ያ ጠባሳሙ ሰውዬ ምን እንደደበቀ ሳያሳዩን ጨረሱት እኮ!” አለው።

ልዑልሰገድ ጣልቃ ገባ። “ምንም አልደበቀም፣ ወንድሜ።”

ወጣቱ ከእግር እስከ ራሱ አየው። “ተው እንጂ! እንዲያ ያለ ፊት ይዞ?” ብሎት ሄደ።

ልዑልሰገድ ደረጃው ላይ ብዙ ቆመ። በሰባት ዓመት የዘራውን በአንድ ፊልም ሊነቅለው አስቦ ነበር።

ወዳጆቼ፣ ዓይናችን ፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ አያይም፤ ደጋግመው ያሳዩትንም ያያል። መልክ ጥፋት ሆኖ ሲቀርብ ደጋግሞ ያየ ሰው፣ መልካም ሥራ በዓይኑ እያየ እንኳ ጥፋት ይፈልግበታል። እያወቀ የፈጠረው ሰው እንኳ ከገዛ ፈጠራው አላመለጠም። እርስዎስ? ዛሬ መንገድ ላይ ሲያዩት ልብዎ የከበደበት ሰው ካለ፣ ያስጠረጠረዎት እሱ ያደረገው ነገር ነው? ወይስ ሌላ ሰው በእሱ መልክ የሠራልዎ ታሪክ?