ሦስቴ የሚረገጥ ፍሬን

በእኛ ቤት የሚያፈስ ጣሪያ አይቶ ዝም ያለ፣ ጥርሱን እያመመው ሐኪም ቤት የማይሄድ ሰው ካለ አንድ አባባል ይወረወርበታል። እንግዳ ሲሰማው ይስቃል። እኔ ግን አልስቅም፤ አባባሉ ሲወለድ እዚያው መኪና ውስጥ ነበርኩ።

አጎቴ ደምመላሽ ስለ መኪናው ፍሬን ሳያማርር የዋለበት ቀን አልነበረም። "ለስልሶብኛል፤ ሦስቴ ካልረገጥኩት አይዝም" ይላል ለጎረቤቱም፣ ለነዳጅ ቀጂውም። ጋራዥ ግን አይወስደውም። እያደር ለመደውና "ጠባዩን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ" እያለ ይኮራበት ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ወንድሜ የወደዳትን ልጅ ከቤተሰቧ ልንጠይቅለት በአጎቴ መኪና ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ተነሣን። ሽምግልናውን የሚመሩት የሰፈራችን አዛውንት አባ ወልደ ሰንበት ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀምጠናል። ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ተቀበለን። ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል አባ፣

"ልጄ፣ እስቲ ፍሬኑን እዚህ ሜዳው ላይ ሞክረው። ካልያዘ በአውቶቡስ እንሄዳለን" አሉ።

"ኧረ ረፈደ አባ! ላረፈደ ሽማግሌ ማን ልጁን ይሰጣል?"

አጎቴ መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለችውን የገብርኤል ሥዕል ስሞ ቁልቁል ለቀቀው።

በመጀመሪያው ኩርባ ሦስቴ ረገጠ፤ ያዘ። "አላልኳችሁም?" አለ። በሁለተኛው አምስቴ ረገጠ። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ።

"እምቢ አለኝ" አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ምንም የለም። ማርሽ ሲቀንስ ሞተሩ ጮኸ እንጂ መኪናው አልሰማውም። ገደሉ በጭጋግ ተሞልቶ ታቹ አይታይም፤ አለመታየቱ ደግሞ ይብስ ነበር። ፈራሁ። ወንድሜ የሚጠብቀው የምሥራች ነው፣ የሚደርሰው ግን ሬሳ ነው አልኩ በሆዴ።

"ገብርኤል፣ ጧፍ አበራለሁ!" አለ አጎቴ። ጎማው እየጮኸ ኩርባውን አለፍነው። "ጥላ አገባለሁ!" አንድ የጭነት መኪና ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አለ፤ ለጥቂት ሳተን። "ሰንጋ! ሰንጋ አገባለሁ ገብርኤል!"

"ስለቱን ተውና ወደ ተራራው ጥግ ያዝ!" ብለው ጮኹ አባ፣ መንገድ ሠሪዎች የከመሩትን ጠጠር እያመለከቱ። መኪናው ክምሩ ውስጥ እስከ መብራቱ ተቀብሮ ቆመ።

የአጎቴ እግር ግን አሁንም ፔዳሉን ይረግጣል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አባ ጉልበቱን ያዙለት።

"በቃህ፣ ቆመናል።"

"አባ... ስንት ነገር ተሳልኩ?"

አባ ወልደ ሰንበት ወደ መጣንበት አፋፍ ቀና ብለው አዩና፣ "ልጄ" አሉት፣ "አፋፍ ላይ ያልሞከሩት ፍሬን ቁልቁለት ላይ ስለት ያበዛል።"